ግፊቱ የወረደው ከገለበጥናቸው በኋላ ነው

የኩላሊት ጠጠር በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና፣ እኛ ፒሲኤንኤል የምንለው፣ ለሰመመን ሰጪ ከባዱ ሰዓት ጠጠሩ ሲፈጭ አይደለም፤ በሽተኛው ሲገለበጥ ነው። መጀመሪያ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ከፍ ብለው ይሰቀላሉ፣ በሽንት መውጫው በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባል። ከዚያ እግሮቹ ወርደው በሆዱ ይተኛል። እግር ሲወርድ ደም ወደ እግር ይመለሳል፤ ሲገለበጥ ደግሞ ደረት ይጫናል፣ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይቀንሳል። የምቱ ብዛት ግን እምብዛም ላይለወጥ ስለሚችል እሱን ብቻ የሚያይ ይዘናጋል።

ያን ቀን የተኙት ወፈር ያሉ ጎልማሳ ነበሩ። ገልብጠናቸው ብዙም ሳይቆይ ከ120 በላይ የነበረው የላይኛው የደም ግፊት ወደ 70 ወረደ። ሰርጅኑ ገና እጁን እየታጠበ ስለነበር የሚደማ ነገር የለም። የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ኢፌድሪን፣ ሰጠሁ፤ ከፍ አለና መልሶ ወረደ። የሚያስተነፍሳቸውን ማሽን፣ ቬንቲሌተሩን፣ ሳይ አየር ለማስገባት የሚያስፈልገው ግፊት ጨምሯል፣ በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀንሷል። አንቲባዮቲኩ አልርጂ አስነስቶ ይሆን? ሽፍታ የለም፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅም የለም። የመተንፈሻ ቱቦው ወደ አንድ ሳንባ ብቻ ገብቶ እንዳይሆን አዳመጥኩ፤ ሁለቱም እኩል ይተነፍሳሉ።

«ሲስተር፣ እስቲ ከሆዳቸው ሥር እጅዎን ያስገቡልኝ።»

«ኧረ አይገባም!»

የደረቱ ትራስ ተንሸራትቶ ሆዳቸው ሥር ተወሽቋል። ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ደም መልስ ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ያለው ግፊትም ዝቅተኛ ነው፤ ሆድ ሲጫን እንደተረገጠ የውሃ ጎማ ይጨፈለቃል። ወደ ልብ ያልደረሰን ደም ደግሞ የትኛውም መድኃኒት አያስረጫትም፤ ኢፌድሪኑ ያልበረከተው ለዚህ ነው።

ለአራት ሆነን አነሳናቸው። አንዱ ትራስ ደረት፣ ሌላው ዳሌ ሥር ገባ፣ ሆዳቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ግፊቱ ሌላ መድኃኒት ሳንጨምር ተመለሰ፣ ቬንቲሌተሩም ረገበ። ሰርጅኑ እጁን ታጥቦ ሲገባ «ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ፤ ያየው ነገር የለማ!

በጀርባ እንደተኙ፣ ጎናቸውን ብቻ ከፍ አድርጎ የሚሠራበት ዘዴም አለ። ልባቸው ለደከመ ሰዎች እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ መገልበጡ ይቀራል። የመጨረሻው ቃል ግን የጠጠሩ ቦታና የሰርጅኑ ልምድ ነው። በሆድ የሚተኛ በሽተኛ ሲኖረን ስትሬቸሩ ከበሩ እንዳይርቅ አደርጋለሁ። ልብ ብትቆም በጀርባ በኩል መጫን መጀመር ይቻላል፤ ወዲያው መገልበጫ ግን ያስፈልጋል። መተላለፊያ ዘጋብን የሚሉ አሉ፤ ይበሉ።