ቢትኮይን ያላችሁ ድሬዎች፣ አድራሻ አትደጋግሙ

ሰሞኑን «ኳንተም ኮምፒውተር መጣ፣ ቢትኮይን አለቀለት» የሚል ቪዲዮ በቴሌግራም እየዞረ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ወዳለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስለሱ ይጠይቀኛል። አንዳንዱ ደንግጦ ያለውን ሊሸጥ ተነስቷል። ሌላው ወሬ ነው ብሎ ትቶታል። ሁለቱም ያሳስቡኛል።

ስጋቱ እውነት ነው። ኳንተም ኮምፒውተር በኳንተም ፊዚክስ ሕግ የሚሠራ ሌላ ዓይነት የስሌት ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፒተር ሾር የተባለ የሒሳብ ሊቅ በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ከተገኘ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን ቁልፎች መፍቻ ስሌት አሳየ። ቢትኮይን ስንልክ የምንፈርመው ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው ሚስጥራዊ ቁጥር፣ በግል ቁልፍ ነው፤ ፊርማው የሚረጋገጠው ደግሞ ሌላው ሰው በሚያየው ይፋዊ ቁልፍ ነው። ከግል ቁልፍ ይፋዊውን ቁልፍ ማውጣት ቀላል ነው፤ ከይፋዊው ወደ ግሉ መመለስ ግን ዛሬ ያለው ኮምፒውተር የሚችለው ነገር አይደለም። የሾር ስሌት ይህን የኋሊት መንገድ ይከፍተዋል። ያኔ ይፋዊ ቁልፋችሁን ያየ ሰው የግሉን አስልቶ እናንተን ሆኖ ይፈርማል። ኔትወርኩ መታወቂያ አይጠይቅም፤ ፊርማው ልክ ከሆነ ገንዘቡ ይሄዳል።

ያን የሚችል ማሽን ግን ገና የለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይፋ ያደረገው ዊሎው የተባለ ኳንተም ቺፕ 105 ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የስሌት አሃድ) ነው ያለው። ለዚህ ሥራ ስህተታቸው የታረመ ከሺህ በላይ ኪዩቢቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዷን አርሞ ለማቆም ደግሞ ብዙ ጥሬ ኪዩቢት ይፈጃል። ስለዚህ ነገ ጠዋት የሚሆን ነገር የለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዝግጅቱ የሚወስደው ጊዜ ነው።

አጎቴን ልንገራችሁ። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው። ውጭ ያለው ልጁ አልፎ አልፎ ትንሽ ትንሽ ቢትኮይን ይልክለታል። አጎቴ የቢትኮይን መቀበያ አድራሻውን የዱቤ ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎታል። በ1 የሚጀምር የድሮ አድራሻ ነው። ትልልቆቹ ፊደላት ከትንንሾቹ እንዳይምታቱበት ከስራቸው በቀይ አስምሮባቸዋል። ሁሌም የሚቀበለው በዚያው ነው። እህቴን ስንድር ደግሞ ከሱ ላይ ቀንሶ ልኮ ነበር።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። እንዲህ ዓይነት አድራሻ ይፋዊ ቁልፉን አያሳይም፤ የሚያሳየው የቁልፉን ሐሽ፣ ማለትም ከቁልፉ ተሰልቶ የሚወጣ ወደ ኋላ የማይመለስ አሻራ፣ ብቻ ነው። ሐሽን ኳንተም ኮምፒውተርም በቀላሉ አይሰብረውም። ገንዘብ ስታወጡ ግን ለመፈረም ይፋዊ ቁልፉ መታየት አለበት። አንዴ ከታየ ሁሉም በሚያየው የዝውውር መዝገብ፣ ብሎክቼይን ላይ፣ ለዘላለም ተጽፎ ይቀራል። አጎቴ ለሠርጉ የላከ ዕለት ቁልፉ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አድራሻ የገባው ሁሉ ቁልፉ በታወቀ ቤት ነው የተቀመጠው። በቢሲ1ፒ (bc1p) የሚጀምሩት አዲሶቹ የታፕሩት አድራሻዎች ደግሞ ቁልፉን ከመጀመሪያውም አይደብቁትም። እ.ኤ.አ. በ2009 የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ቢትኮይኖችም እንደዚያው ናቸው፤ የቢትኮይን ፈጣሪ የሳቶሺ ነው ተብሎ የሚገመተው ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ቢትኮይን ጭምር።

አጎቴን «አዲስ አድራሻ ላውጣልህ» ስለው «አቦ ተይኝ! ልጁ የሚያውቀው ይሄንን ነው» አለኝ።

ፊርማውን የሚተካ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ኒስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ኳንተምን እንዲቋቋሙ የተሠሩ ፊርማዎችን በደረጃነት አጽድቋል። ችግሩ መጠናቸው ነው። ላፕቶፔ ላይ አስፈርሜ ፋይሎቹን ጎን ለጎን አየኋቸው። ታፕሩት የሚጠቀምበት ፊርማ 64 ባይት ነው። ኒስት ካጸደቃቸው አንዱ፣ ኤምኤል-ዲኤስኤ፣ በትንሹ 2,420 ባይት ሆነ፤ ይፋዊ ቁልፉ ለብቻው 1,312። ሌላው፣ በሐሽ ላይ ብቻ የቆመው ኤስኤልኤች-ዲኤስኤ፣ በቁጠባ በተሠራው ዓይነቱ እንኳ 7,856 ባይት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ በጣም የማምነው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ሐሽ ለረጅም ዘመን የተፈተነ ነገር ነው። ግን ከባድ ነው። የቢትኮይን ብሎክ፣ ማለትም ዝውውሮች የሚጻፉበት ገጽ፣ በአሥር ደቂቃ ገደማ አንዴ ይወጣል፤ አቅሙም 4 ሚሊዮን የክብደት መለኪያ ነው (የፊርማ አንድ ባይት እንደ አንድ ይቆጠራል)። የኤምኤል-ዲኤስኤ ፊርማና ቁልፍ ብቻ ቢሞላበት፣ ሌላውን ሳንቆጥር፣ ከአንድ ሺህ ብዙም አይበልጥም የሚይዘው። ይህ ማለት ወረፋ ነው፤ ወረፋ ባለበት ደግሞ ክፍያው ይወደዳል።

በእኛ አቆጣጠር በ2013 መስከረም ብር ሲቀየር የነበረውን ታስታውሳላችሁ። አሮጌውን 10፣ 50 እና 100 ብር ባንክ ወስዶ ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። አጎቴ በፌስታል የቋጠረውን ይዞ በዚያ ሐሩር ተሰልፏል። እዚህም እንደዚያው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ ማዛወር አለበት። ልዩነቱ ባንክ አለመኖሩ ነው። ባለቤቱ ራሱ ካልፈረመ ማንም ሊያዛውርለት አይችልም። የሞተ አይፈርምም፤ ቁልፉ የጠፋበትም አይፈርምም።

የቢትኮይንን የአሠራር ሕግ መቀየሩም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሴግዊት የተባለው የቢትኮይን ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ቀርቦ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። ታፕሩት በ2018 ታስቦ በ2021 ነው የገባው። ስለ ኳንተም ቢፕ 360 የሚባል የማሻሻያ ረቂቅ ቀርቦ ክርክር አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ክርክር ደግሞ ይህ ነው፦ ያልተዛወሩት የድሮ ቢትኮይኖች ከአንድ ቀን በኋላ ይታገዱ ወይስ ቀድሞ ለደረሰ ሌባ ይተዉ? የእኔ ሐሳብ መታገድ ካለባቸው ቀነ ገደቡ በዓመታት ይቆጠር ነው። እነዚህን ክርክሮች በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ቶሎ ይሰማል። አጎቴ የሚሰማው ሰው ሲነግረው ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ወሬው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተዳርሶ እስኪያልቅ ሦስት ወር አይበቃም። ብሩ ሲቀየር እንኳ በሬዲዮ እየተለፈፈ ሳይሰሙ የቀሩ ነበሩ።

(ብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶን ለክፍያ እንዳንጠቀም እንዳስጠነቀቀ አትርሱ። ግዙም ሽጡም እያልኩ አይደለም፤ የምጽፈው አስቀድሞ ላለው ሰው ነው።)

አሁን የሚደረገው ቀላል ነው። በተቀበላችሁ ቁጥር ዋሌቱ (ቢትኮይን የምትይዙበት መተግበሪያ) አዲስ አድራሻ እንዲያወጣ አድርጉ፤ አብዛኛው ዋሌት በራሱ ያደርገዋል። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡትን ገንዘብ ወጪ ተደርጎበት በማያውቅ፣ በቢሲ1ኪው (bc1q) በሚጀምር፣ ሐሹን ብቻ በሚያሳይ አድራሻ አኑሩት። ዋሌታችሁን አፕዴት አድርጉ። «ከኳንተም የሚጠብቅ ኮይን» ብለው በቴሌግራም የሚሸጡላችሁን አትግዙ። ላዛውርላችሁ ብሎ ዋሌታችሁን የሚከፍቱትን 12 ወይም 24 ሚስጥራዊ ቃላት ለሚጠይቃችሁም አትስጡ፤ ለእኔም ቢሆን።

ለአጎቴ ልጅ ደውዬ አስረድቼዋለሁ። ከመላኩ በፊት አባቱን አዲስ አድራሻ ሊጠይቅ ተስማምቷል። አጎቴም ደብተሩ ላይ የድሮውን ሰርዞ ቦታ አዘጋጅቷል። ድሬ ያላችሁ፣ አድራሻችሁን ብቻ ይዛችሁ ብትመጡ ቁልፉ ወጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ አብረን እናያለን። ከቀትር በኋላ እስከ 11 ሰዓት ሱቅ አለሁ።