ከአበሻ ራቂ ላላችሁኝም፣ መልካም ገና

እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ፣ ወዳጆቼ!

ነገ ረቡዕ ቢሆንም ገና ነውና ዶሮው አይቀርም። ሽንኩርቱ ተከትፎ ምድጃ ላይ ነው። እሱ እስኪቁላላ ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስዊድን ዛሬ ዝግ ነው። የእነሱ የገና ሰሞን በዓል ዛሬ ያበቃል። ነገ እኛ ጾም ስንፈታ እነሱ ሥራ ይገባሉ። እኔም በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና አለብኝ። ፀሐይዋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ብቅ ትልና 9 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ደመና ከሆነ ደግሞ እሷም የለችም።

የምኖረው ፍሌሚንግስበርግ ነው። ከስቶክሆልም መሀል ወደ ደቡብ በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የተቀቡ ረጃጅም ፎቆች ተደርድረው ታያላችሁ። ስዊድን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት እሠራለሁ ብላ የተነሣችበት ዘመን ሥራ ናቸው። ዛሬ ደረጃው ላይ ዐረብኛ፣ ኩርድኛ፣ ሶማልኛ ይሰማል። ጋዜጣ እንዲህ ያለ ሰፈር ትዝ የሚለው ጥይት ሲተኮስ ነው። እኔ ግን ሰው ያገኘሁት እዚሁ ነው።

አንዳንዶቻችሁ አዲስ አበባ ስንሰነባበት ምን እንዳላችሁኝ አልረሳሁም። «ከአበሻ ራቂ። ከወሬ በቀር የምታተርፊው የለም።» ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። የተጎዳ ዘመድ አይታችሁ ነው። የዘንድሮ የገና መልእክቴ ግን ለዚያ ምክር መልስ ነው።

በመጣሁ ሰሞን፣ ነሐሴ 2016፣ ብርድ ልብስና ድስት ተሸክሜ አውቶቡስ ልሳፈር ስል ሹፌሩ በእጄ ያለውን ብር አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እዚህ አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። የባንክ ካርድ ደግሞ አልነበረኝም። ፐርሾንኑመር የሚሉት የግል ቁጥር ካልመጣ የባንክ ሂሳብ መክፈት መከራ ነው። ያለ ባንክ ደግሞ ባንክአይዲ የሚሉት፣ በስልክ ማንነትን የሚያረጋግጡበት መታወቂያ የለም። ያለ ባንክአይዲ ደግሞ በዚህ አገር ብዙ በር አይከፈትም። ከኋላዬ የቆሙ አንዲት ሴትዮ ምንም ሳይጠይቁኝ በስልካቸው ቲኬት ገዙልኝ። ከተቀመጥን በኋላ ነው «አበሻ ነሽ?» ያሉኝ።

የምንኖረው አንድ ሕንፃ ላይ ነበር። እኔ በአንድ ኩርድ ቤተሰብ አፓርታማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። እሳቸው ከላዬ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አበሻውም ሌላውም እማማ ነው የሚላቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስዊድን ሽማግሌና አሮጊት ሌሊት ሌሊት ሲያገላብጡ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ ኖረዋል።

የጋራ ልብስ ማጠቢያው ተራ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በክረምት ሊጥ አልቦካ ሲለኝ ዕቃውን ከማሞቂያው ሥር አስቀመጡልኝ። የሱፐርማርኬት ዶሮ ገዝተው፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አንድ በአንድ እየጠሩ ማውጣት አስተማሩኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ያልተማርኩት ነገር ነው። «እዚህ ካልቻልሽ ማን ያወጣልሽ ብለሽ ነው?» ይሉኝ ነበር።

አምና በገና ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ወፍራም ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አስቀደሱ። እኔ ዝዬ ተቀምጬ ነበር። ንጋት ላይ በባቡር ስንመለስ ወደ ሥራ የሚሄደውን ሰው ሁሉ በአማርኛ «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» አሉት። ሰውም ፈገግ እያለ ራሱን ዝቅ አደረገላቸው። መስኮታቸው ላይ ስዊድኖች ለገና የሚሰቅሉት የመብራት ኮከብ ነበራቸው። ሰፈሩ ጥር 5 አካባቢ ጌጡን ሲያወርድ እሳቸው ጥምቀት ሳያልፍ አያወርዱም።

እማማ ዘንድሮ በመስከረም መጨረሻ አረፉ።

የተኙበት ካሮሊንስካ ሆስፒታል ከሰፈራችን በእግር ይደረሳል። ማታ ከትምህርት ስወጣ እገባ ነበር። ስለ ሕመማቸው ስጠይቅ ስለ ፈተናዬ ይጠይቁኛል። ካረፉ በኋላ የመጣው ግን ፈጽሞ ያላሰብኩት ነገር ነው። በዚህ አገር ሕግ ቀብር በአንድ ወር ውስጥ ይፈጸም ነው የሚለው። በእኛ አገር ጠዋት ያረፈ ከሰዓት አፈር ይለብሳል። እኛ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ለቅሶ ተቀምጠን ቀብር የለም። እንዳናነሣው አልተቀበሩም፣ እንዳንቀጥል ሰው ሥራና ትምህርት አለው። በዚያ ሰሞን ያለቀስኩት በባቡር ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ማታ፣ ሴቶቹ እያለቀሱ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። ታች የሚኖሩት ስዊድናዊ ሽማግሌ ናቸው። ጩኸት በዛ ሊሉን ነው ብለን ሁላችን ዝም አልን። እሳቸው ግን የጋገሩትን ዳቦ ይዘው ነው የመጡት። ከመሀላችን ተቀመጡ። ቡና ጠጡ። የእማማን ፎቶ እያዩ አለቀሱ። ለረጅም ዓመታት ጎረቤታሞች ነበሩ። ጥቅምት 22፣ ስዊድኖች ለሙታን መቃብር ላይ ሻማ በሚያበሩበት ቅዳሜ፣ አብረን ወደ መቃብራቸው ሄድን። ሻማውን ያበሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ እጄ በብርድ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

እና ይህ በዓል ምስጋና አለበት።

የእማማ ልጅ፣ ከጎተቦርግ እየተመላለስሽ ያን ሁሉ ወረቀት ብቻሽን የጨረስሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ኮከቡን ለኔ ስለተውሽልኝ አመሰግናለሁ። አሁን መስኮቴ ላይ ነው፣ እስከ ጥምቀትም አይወርድም። አከራዮቼ፣ ለቅሶ ደራሽ በበዛበት ሰሞን ወንበራችሁን ሁሉ ወደ ላይ አውጥታችሁ እናንተ መሬት ላይ የበላችሁ፣ እጃችሁ አይንጠፍ። ባንግላዴሻዊቷ የክፍል ጓደኛዬ፣ የቀረሁበትን ትምህርት ሁሉ ጽፈሽ ያመጣሽልኝ፣ ይህን ማንበብ ባትችዪም ስምሽን በጸሎቴ አነሣለሁ። ሪንከቢ ያሉት ባለ ሱቅ ጋሼ፣ ለተዝካሩ በርበሬና ጤፍ በዱቤ የሰጡን፣ ዕድሜ ይስጥልን። እናቴ፣ ሁልጊዜ በቴሌግራም በድምፅሽ የምታነቂኝ፣ ጾሙን ጨርሰሽ ፍቺ፣ እኔ ደህና ነኝ።

ለእናንተ ደግሞ የምመኘው ይህን ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ መልስ አልመጣ ብሏችሁ ስልካችሁን ደጋግማችሁ የምታዩ፣ ዘንድሮ ይምጣላችሁ። አገር ቤት ሆናችሁ ልጃችሁ ውጭ ያለች፣ «ብር መቼ ትልኪያለሽ» ከማለታችሁ በፊት ማን ጋር እንደምትበላ ጠይቋት። በባቡር ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጭተን ፊታችንን የምናዞር የስቶክሆልም አበሾች፣ እባካችሁ ይቅርብን። ሰላምታ ማንንም አልጎዳም። የሚያማ ሰው አለ፣ የሚያስቀይምም አለ፣ እኔም አላጣሁትም። ግን «ራቂ» ያላችሁኝን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እማማን አውቶቡስ ላይ አይቼ አልፌያቸው ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ከሶደርቶርንም ሁኑ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ነገ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ክፍት ነው። አከራዮቼ ሳሎኑን ሰጥተውኛል። ሽማግሌውም ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ክፍሏን ዘግታ የተቀመጠች የምታውቋት ልጅ ካለች ሳትጠይቋት ይዛችኋት ኑ።

ሽንኩርቱ ደርሷል፣ በርበሬ ልጨምር። መልካም ገና!