ከላሊበላ እስከ ባቲ፦ የገና ጨዋታ ቆላ ይለምድ ይሆን?

በታኅሣሥ ላሊበላ ላይ የገና ዱላ ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ለታኅሣሥ 29፣ ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ለሚባልበት ዕለት ስትሰናዳ፣ ወጣ ብለው በሚገኙት የታጨዱ ማሳዎች ልጆች ጥንግ፣ ማለትም የጨዋታውን ትንሽ ኳስ፣ በዱላ ያሳድዳሉ። ከዚያ ተነሥቼ በጋሸና፣ በወልድያና በደሴ አድርጌ እስከ ባቲ ስወርድ በልቤ የያዝኩት ይህ ጨዋታ ልማዱ በሌለበት አገር ይበቅል እንደሆነ ነው። ይበቅላል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ጊዜ በሚሞከርበት መንገድ ግን አይደለም። ነጭ ልብስ አልብሶ፣ ዘፈን አስጠንቶ በበዓል ቀን ሜዳ ላይ ማሰለፍ ትርኢት ነው። የላሊበላ አገር ላስታ ለልጆቿ ሳታስበው የምትሰጣቸው እንጨቱን፣ ሜዳውን፣ ቀኑንና ጠብ ሲነሣ የሚገላግለውን ሰው ነው። ቆላው ውስጥ እነዚህን ሆን ብሎ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል።

ከእንጨቱ እንጀምር። ጥሩ ዱላ ከወይራ፣ ከቀጋ ወይም ከክትክታ ይወጣል፤ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ቁመቱ ከመሬት እስከ ተጫዋቹ ዳሌ፣ ለአዋቂ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቆልማማው ክፍል አንድ ስንዝር፣ መያዣው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተከብቦ የሚሞላ ይሁን። ቆልማማ ካልተገኘ ቀጥ ያለውን እርጥብ እንጨት በረመጥ ላይ እያገላበጡ ማሞቅ፣ ሲለሰልስ በሁለት ችካል መሃል አጥፎ በገመድ ማሰርና እስኪደርቅ አለመፍታት ነው። ከዚያ ልጡ ይላጣል፣ ሁለቱም ጫፎች ቅቤ ይቀባሉ፤ ውሃው ቶሎ የሚወጣው በጫፎቹ በኩል ስለሆነ መሰንጠቅም የሚጀምረው እዚያ ነው። በመጨረሻም ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ ይጠግባል። በጥቅምት የተቆረጠ ዱላ ለታኅሣሥ ይደርሳል።

ቁልቁል ሲወረድ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ኮምቦልቻ ወጥ በብዛት የሚሠራው በከሰልና በኤሌክትሪክ ነው፤ ዱላ የሚሰቀልበት ጭስ የለም። ፀሐይ ላይ የተጣለ እርጥብ እንጨት ደግሞ በሳምንት ውስጥ ከጫፍ እስከ ወገቡ ይተረተራል። መፍትሔው ጫፉን በእበት ወይም በሰም መድፈን፣ በጆንያ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ማቆምና ከ6 እስከ 8 ሳምንት መታገሥ ነው። ከጣውላ በመጋዝ ቀርጾ ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መጋዙ መታጠፊያው ላይ የእንጨቱን ክር አቋርጦ ስለሚሄድ ዱላው በመጀመሪያው ጠንካራ ምት እዚያው ላይ ይሰበራል። ባሕር ዛፍም አይመከርም፤ ሲደርቅ እየተጣመመ ይሰነጠቃል። ከቆላው ዛፍ ቁርቁራን እመርጣለሁ፤ እሾሁ ቢያስቸግርም እንጨቱ ጠንካራ ነው። ትልልቆቹ ወይራዎች አብዛኞቹ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያሉ ናቸውና አይነኩም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ክትክታን በአጥሩ ዙሪያ ቢተክል ለዓመታት ዱላ አያጣም።

ጋሸና ላይ ስለ ጉግስ፣ ስለ ፈረሰኞቹ ጨዋታ፣ ጥቂት ልበል፤ አንዳንዶች «ባህላዊ ስፖርት ካስፋፋን ፈረሱንም እናውርድ» ይላሉና። በዋድላና በመቄት ደጋ ፈረስ የዕለት ሥራ ባልደረባ ነው፤ በአዊም ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚወጣው ፈረሰኛ ዓመቱን ሙሉ ከፈረሱ ጋር የኖረ ነው። ሞቃቱ ቆላ ግን ለፈረስ አይመችም። በትንኝ መሰል ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚበረታው እዚያ ነው፤ መኖውና ሙቀቱም ይከብዳሉ። ጉግስን በቆላ ማስተማር ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ፈረስ ማኖርን ማስተማር ማለት ነው። የገና ጨዋታ ግን እንጨትና ጥንግ ብቻ ነው፤ መውረድ ይችላል።

ከድልብ ቁልቁል ወልድያ፣ ከዚያ መርሳና ውጫሌ፣ ከዚያም ሐይቅ። በዚህ መንገድ በትልልቆቹ ከተሞች ሜዳው ሁሉ የእግር ኳስ ነው፤ ይህን መቃወም ከንቱ ነው። ገና የእግር ኳሱን ሜዳ ግማሽ በስፋቱ አቋርጦ ቢጠቀም ይበቃዋል። በደጋው ሁለት መንደር ተሰልፎ፣ ቁጥር ሳይገደብ፣ ጥንጓን (ሩሯንም የሚሏት አሉ) ከመሃል አውጥቶ ወደ ሌላው ወገን መንዳት ነው ልማዱ። ለጀማሪ ያ አይሠራም፤ 40 ልጅ በአንድ ጥንግ ላይ ሲረባረብ ዱላ ቅልጥም ላይ ያርፋል። 6 በ6፣ 40 በ25 ሜትር ሜዳ፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው ግብ ያለ በረኛ፣ ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ብዬ እጀምር ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ ተስፋዬ ይበልጥ ይበረታል። የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ጥንግ አያጥራትም። በደጋው ጥንጓ ከእንጨት ሥር ተጠርባ ቡጢ ታህላለች፤ ለለመደ ልጅ መልካም ናት፣ ለጀማሪ ግን ጥርስ ታወልቃለች። እዚህ ቁርጥራጭ ጨርቅን አጥብቆ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ ቀፍድዶ፣ በሁለት የቆዳ ቁራጭ መስፋት ነው። 120 ግራም አካባቢ ብትመዝን ትንከባለላለች፤ ከ80 በታች ከሆነች ነፋስ ይወስዳታል፣ ከ200 ካለፈች ዱላ ትሰብራለች። ስፌቱ በወፍራም ክር ሁለት ዙር ካልሆነ በሁለተኛው ቀን ትፈታለች። ለቅልጥም መከላከያ አሮጌ ጀሪካን በ25 በ12 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ጠርዙ በእሳት ለስልሶ፣ ውስጡ በጨርቅ ተደርቦ በጎማ ቢታሰር ይበቃል። ይህ ሳይኖር ጨዋታ መጀመር የለበትም፤ እናት የልጇን እግር አብጦ ካየች ዱላው ለማገዶ ይሄዳል፣ ትክክልም ናት።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው በላስታ የሚሠራው፣ የተመታው ሰው የመታውን ስለሚያውቀውና ሽማግሌውም ቆሞ ስለሚያይ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ከየአገሩ በተሰባሰቡባት ከተማ ያ ትውውቅ የለም። ስለዚህ ሕጉ ተጽፎ፣ ዳኛው ፊሽካ ይዞ ይቁም፦ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም፤ በአየር ላይ ያለች ጥንግ አትመታም፤ ከሚመታው ሰው ጀርባ በሁለት ሜትር ውስጥ የቆመ ይቀጣል። ዱላውን ከጉልበት በላይ ያነሣ ለሁለት ደቂቃ ይውጣ፤ ከደገመ ለዕለቱ አይመለስ። ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው የመጀመሪያዋ ጥፋት ዝም ስለምትባል ነው።

የተጋጣሚ ነገርም አለ። የኮምቦልቻ ጀማሪ ከላስታ ልጅ ጋር ቢገጠም በሃያ ግብ ይሸነፍና ዳግም አይመጣም። አየርላንዶች ሀርሊንግ የሚሉት የዱላና የኳስ ጨዋታ አላቸው፤ ጨዋታውን የሚመራው ማኅበር በ1884 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢቋቋምና አገሩን ሁሉ ቢያካልል፣ የጨዋታው ኃይል ዛሬም እንደ ኪልኬኒ፣ ቲፐራሪና ሊመሪክ ባሉ ጥቂት አውራጃዎች ላይ ነው። በ2005 ግን አቅማቸው አነስተኛ የሆኑት አውራጃዎች በየደረጃቸው የሚጋጠሙባቸውን የክሪስቲ ሪንግና የኒኪ ራካርድ ዋንጫዎች ጀመሩ። ለእኛም ኮምቦልቻ ከሐይቅ፣ ባቲ ከከሚሴ ቢጋጠም ነው የሚያዋጣው።

ቀኑ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ጨዋታው ከልደት በዓል ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ ሙስሊሙ በሚበዛበት የወሎ ክፍል አንዳንድ ቤተሰብ «የበዓሉ ሥርዓት ነው» ብሎ ልጁን ቢያስቀር አይፈረድበትም። ወሎዬ አንዱ በሌላው በዓል ቤት ለቤት የሚጠራራ ሕዝብ ነው፤ ነገር ግን እንግዳ ሆኖ መጫወትና የራስ ማድረግ ይለያያሉ። ስለዚህ ጨዋታው ከበዓሉ ቀን ተላቆ የቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፣ አሠልጣኙም ከሰፈሩ ይውጣ። በዚህ ቆላው ከደጋው ሊበልጥ ይችላል ብዬ አስባለሁ፦ ላስታ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ትጫወታለች፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጫወት ልጅ በሦስት ዓመት ይደርስባታል።

ባቲ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቷ ይታወቃል። በታኅሣሥ የገብስ ማሳ ለስላሳ ነው፤ የማሽላ ማሳ ግን የአገዳ ጉቶ ቆሞበት እግር ይወጋል፣ ጥንግም ያግዳል። የሰኞ ገበያ ከብትና ግመል የሚረግጠው መሬት ይሻላል፤ ድንጋይና እሾህ ለቅሞ፣ ጥንጓን አቧራው ውስጥ እንድትታይ ነጭ ቀብቶ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ መጫወት ነው። ለ12 ተጫዋች 18 ዱላና 4 ጥንግ ይያዝ፣ ዱላ የሚያድስ አንድ አናጺም አስቀድሞ ይነገረው። ዱላው ተሰብሮ ሳይጠገን የቀረበት ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚገኘው እግር ኳሱ ጋ ነው።