የቡላ መርፌ

ቤታችን ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ዓይነት የመርፌ መድኃኒት አለ። አንዱ የእማዬ ኢንሱሊን ነው። ሌላው የውሻው፣ የአለርጂ መድኃኒት። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ "ውሻ ደግሞ የምን አለርጂ አመጣ?" ይላል። ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝና በየበሩ ቆሜ ማስረዳት ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ውሻው ቡላ ይባላል። ላብራዶር ክልስ ነው፣ መልኩም እንደ ስሙ ነው። ባለቤቱ ታላቅ እህቴ ናት። ያሳደገችው አሜሪካ ነው፣ ድሬ ሥራ አግኝታ ጠቅልላ ስትገባ እሱንም ከነመድኃኒቱ ይዛው መጣች። እሷ ግን ሥራዋ አንዴ እዚህ አንዴ አዲስ አበባ ነው። መርፌው እኔ ላይ ወደቀ።

የውሻ አለርጂ እንደኛ በማስነጠስ አይደለም በብዛት የሚታወቀው። በቆዳ ነው የሚወጣው። እግሩን ይልሳል፣ ጆሮውን ያካል፣ ብብቱና ሆዱ ይቀላል። ቡላ የፊት እግሮቹን ከመላስ ብዛት በጣቶቹ መሀል ያለው ፀጉር የዛገ ብረት መስሎ ነበር። ያን ቀለም የሚያመጣው ምራቁ ነው። ጆሮው ደግሞ ሲብስበት ከሩቅ ይሸታል። ሌሊት ሲያክ የኋላ እግሩ ወለሉን ሲደልቀው ቤቱ በሙሉ ይነቃል፣ እማዬም ከመኝታ ቤቷ ሆና "ይሄን ልጅ አንድ በሉት!" ትላለች። ልጅ ነው የምትለው፣ አዎ።

ብዙ ጊዜ የሚጀምራቸው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ላብራዶር ደግሞ ከሚበዛባቸው ዝርያዎች አንዱ ነው። ግን ውሻ ስላከከ ብቻ አለርጂ ነው አይባልም፣ በተለይ እኛ ዘንድ። ቁንጫ አለ፣ እከክ አለ፣ የማይስማማው ምግብ አለ። ሐኪም እነዚህን አንድ በአንድ ካላስወገደ በስተቀር ስለ አለርጂ መርፌ ማውራት ትርጉም የለውም። የደም ወይም የቆዳ ምርመራውም ቢሆን "አለርጂ ነው አይደለም" ለማለት አይደለም የሚሠራው። አለርጂ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ብልቃጡ ውስጥ ምን ይግባ የሚለውን ለመምረጥ ነው። ለቡላ የወጣለት የቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት፣ የሣር አበባ ብናኝ እና ራግዊድ የሚባለው የአሜሪካ አረም ብናኝ ነው። የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚያስቆጣውን ነገር ራሱን፣ በጣም ቀጥኖ፣ ከቆዳው ሥር ትሰጡታላችሁ። መጠኑን ቀስ በቀስ ትጨምራላችሁ። ሰውነቱ እየለመደው ይሄዳል። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ሊዮናርድ ኑን የሚባል ሐኪም ለንደን ውስጥ የሣር ብናኝ ለሚያስነጥሳቸው ሰዎች መርፌውን ሰጥቶ ውጤቱን አሳትሟል። ለውሻ ደግሞ በ1941 አሜሪካ ውስጥ ተሞክሯል። ከቡላ መርፌ በፊት እህቴ ፕሪድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ትሰጠው ነበር። ማሳከኩን ወዲያው ያቆመዋል፣ እውነት ነው። ግን ውሻው ባልዲ ሙሉ ውሃ ይጠጣል፣ ሲሸና ይውላል፣ ሲበላ አይጠግብም፣ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። መርፌው እንደዚያ አያደርገውም፣ በምትኩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሠራ ወይም አልሠራም ለማለት 1 ዓመት መጠበቅ አለባችሁ። ከግማሽ የሚበልጡት ውሾች ጥሩ ለውጥ ያሳያሉ፣ የቀሩት ላይ ብዙም አይሠራም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው፣ አለዚያ በሦስተኛው ወር "ገንዘቤን በሉት" ማለት ይመጣል።

መርፌ መውጋት ያስተማረችኝ እማዬ ናት። ሐኪሙ አሳይቶኛል፣ ግን ሐኪም ሲያሳይ ሁሉም ቀላል ነው። ቤት መጥቼ ስሪንጁን ስይዝ እጄ እምቢ አለ።

"ምን ያንቀጠቅጥሻል?" አለች። "ቆዳውን ሳብ አድርጊና ስጪው። እኔ በቀን ሁለቴ ስወጋ ማን አለቀሰልኝ?"

እሷ እንዳለችው ነው። ብልቃጡን ከፍሪጅ አውጥቼ በመዳፎቼ መሀል አንከባልለዋለሁ እንጂ አልንጠውም። የጎማ ክዳኑን በአልኮል እጠርጋለሁ። መድኃኒቱን በስሪንጁ ከሳብኩ በኋላ አየር ካለበት በጣቴ መታ መታ አድርጌ አስወጣለሁ። ከትከሻው ኋላ ያለው ቆዳ ልል ነው፣ በሁለት ጣት ከፍ ሲደረግ ትንሽ ድንኳን ይሠራል። መርፌው የሚገባው ከድንኳኑ ሥር፣ ከጀርባው ጋር ጎን ለጎን ነው። ሳልገፋ በፊት ፒስተኑን ቅንጣት ወደ ኋላ ሳብ አደርጋለሁ። ደም ከመጣ አውጥቼ ሌላ ቦታ እጀምራለሁ። ካልመጣ መግፋት ነው። አንዱን ጊዜ በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ። መርፌዋ የእማዬ ዓይነት ቀጭን የኢንሱሊን መርፌ ስለሆነች ቡላ ገብታ እስክትወጣ የሚያስበው እጄ ላይ ስላለችው የሥጋ ቁራጭ ነው። ሥጋው በእጄ ሆኖ ይሸተዋል፣ የሚያገኘው ግን መርፌው ካለቀ በኋላ ነው። አሁን ፍሪጁ ሲከፈት ራሱ መጥቶ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። እማዬ የምትቆጥረው በዩኒት ነው፣ የውሻው መመሪያ የተጻፈው ደግሞ በሚሊ ሊትር። ባለ 100 ዩኒቱ የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ 10 የሚለው መስመር 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። 100 ሲሞላ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ብልቃጦቹም ትንንሽ፣ መስታወት፣ ጎማ ክዳን፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ኢንሱሊን ለጤነኛ ውሻ ቢሰጥ ስኳሩን ጥሎ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የቡላ በቀይ ፕላስተር ተጠቅልሎ የምሳ ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ የእማዬ ላይኛው ላይ። እሷ የታችኛውን አትነካም፣ እኔም የላይኛውን።

ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት ነው፣ በሥራ ቀን ብቻ። ምክንያት አለው። ከመርፌው በኋላ አንዳንድ ውሻ ፊቱ ሊያብጥ፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ ሊያወጣ፣ ሊያስመልሰው ወይም ሊያስቀምጠው ይችላል። ድዱ ነጥቶ ከወደቀ አናፊላክሲስ የሚባለው ሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ቁጣ ነው፣ ደቂቃ አይሰጥም። ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ግን ከተከሰተ ክሊኒክ ክፍት መሆን አለበት፣ ባጃጅም መገኘት አለበት። ስለዚህ ማታ ሰጥቶ መተኛት የሚባል ነገር የለም፣ እሑድም አይሰጥም። ከሰጠሁት በኋላ 1 ሰዓት ያህል ከዓይኔ አይጠፋም፣ ቡናዬን እዚያው እጠጣለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ከዚህ መርፌ ጋር በአንድ ቀን አይሆንም፣ ሐኪሙ በግልጽ ከልክሎናል። ሲታመምም ዝም ብሎ መውጋት የለም፣ መጀመሪያ ስልክ ይደወላል። ቀኑ ብዙ ካለፈም እንደዚያው፣ መጠኑን ዝቅ አድርጎ መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል።

ያገለገለው መርፌ ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ከእማዬ ጋር አንድ ላይ። ሲሞላ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ቆሻሻ የሚለቅሙ ልጆች አሉ፣ ሜዳ ላይ መጣል ነውር ነው።

እስካሁን ያወራሁት ቀላሉን ነው። ከባዱ ፍሪጁ ነው፣ አቦ! የቡላ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፣ በረዶም መሆን የለበትም። ድሬ ደግሞ ድሬ ናት። በሙቀቱ ወር መብራት ከጠዋት ጠፍቶ ማታ 12 ሰዓት ሲመጣ ፍሪጁ ውስጥ ቅቤው ቀልጦ ታገኙታላችሁ። እማዬ ለኢንሱሊኗ የራሷ ዘዴ አላት። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ፣ መሀላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ሲተን ውስጡን ያበርደዋል፣ እጃችሁን ስትከቱት ትገረማላችሁ። ለተከፈተ ኢንሱሊን ጥሩ መላ ነው። 8 ዲግሪ ግን አይደርስም፣ ስለዚህ ለቡላ ብልቃጥ ለጥቂት ሰዓት ካልሆነ አይበቃም።

እንግዲህ የሚያድነን ጎረቤታችን አዴ ናት። የእነሱ መስመር ከእኛ የተለየ ስለሆነ እኛ ጨለማ ሆነን እነሱ ጋ መብራት የሚኖርበት ጊዜ አለ። አዴ ሰጋጅ ናት፣ ውሻ ምራቁ እንዲነካት አትፈልግም፣ ቡላ ደጅ ላይ ካለ ቀሚሷን ሰብስባ ዞራ ነው የምታልፈው። የውሻውን መድኃኒት ይዤ ስሄድ አፈርኩ፣ እንዴት ብዬ ልጠይቃት።

"እሱን ወደኔ አታምጪው እንጂ" አለች፣ "መድኃኒቱ ምን አደረገኝ?"

ምሳ ዕቃውን ተቀብላኝ ከቲማቲሙ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ራሷ ልጅ ልካ ታስወስዳለች።

ወደዚያች አረም ልመለስ። ራግዊድ እዚህ የለም ብለን ደስ ብሎን ነበር። አቧራ ውስጥ ያሉት ነፍሳትም ውሃ ስለማይጠጡና እርጥበቱን ከአየር ስለሚስቡ ደረቅ አገር አይመቻቸውም። በእርግጥም የመጀመሪያዎቹ ወራት ቡላ ተሻለው። ከዚያ ዝናብ መጣ። ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ባዶ ቦታው ሁሉ፣ የመንገዱ ጠርዝ፣ ያቺ ነጭ ነጭ ጥቃቅን አበባ ያላት አረም ወጣች። ወሎዎች ቅንጨ አረም የሚሏት፣ እዚህ አካባቢ ፋረምሲሳ የምትባለው፣ ፓርተኒየም። ላም ስትበላት ወተቷ ይመራል፣ ገበሬ ሲነቅላት ቆዳው ይቆጣል። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከወታደር መኪና ጋር ገባች ይባላል። እና ይህች አረም የራግዊድ ዘመድ ናት፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። የአንዷ ብናኝ የሚያስቆጣው ሰው በሌላዋም ሊቆጣ እንደሚችል የታወቀ ነው። ቡላ ደቻቱ ዳር ተንከባልሎ በመጣ ማግስት እግሩን ሲልስ ሳየው ለእህቴ ደወልኩና "ዘመዶቹን አገኘ" አልኳት።

አሁን ዝናብ ሲዘንብ ወደ ደቻቱ አንሄድም። የምንሄደው ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው፣ አስፋልት አስፋልቱን፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ስንመለስ እግሩ በውሃ ይታጠብና በፎጣ ይደርቃል፣ በተለይ ጣቶቹ መሀል። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ይህም ራሱን የቻለ ወሬ ነው። አጎቴ "ለምን ሐረር አትወስዱትም፣ አየሩ ይስማማዋል" ይላል። ቆንጆ ሐሳብ፣ ማታ ማታ ከጅቦቹ ጋር ይተዋወቃል።

"ለሰው መድኃኒት ጠፍቶ ለውሻ መርፌ ከአሜሪካ" የሚሉንም አሉ። እማዬ ኢንሱሊን ፈልጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞረችበት ጊዜ ስላለ ንግግሩ ይገባኛል፣ አልቆጣም። ግን የቡላ ብልቃጥ ውስጥ ያለው አቧራና የአበባ ብናኝ ነው፣ ለእሱ ተብሎ የተቀመመ። ቢቀርበት ማንም ሰው አያገኘውም። ይህን ካልኩ በኋላ የሚከራከረኝን "እሺ" ብዬ አልፋለሁ፣ እማዬ ግን አታልፍም፣ እሷ ፊት ባትናገሩ ይሻላል።

ሙሉ በሙሉ ድኗል አልልም። ዝናብ ሲሆን አሁንም ያካል፣ ጆሮውም አንዳንዴ መጽዳት ይፈልጋል። ግን የእግሩ ፀጉር ነጣ፣ ክኒኑን ከተወ ቆየ፣ ሌሊትም እንተኛለን። እህቴ በአንድ ወቅት ላቋርጠው ብላ ነበር፣ ሐኪሙ ዓመት ሳይሞላ አይወሰንም አላት። ሞላ፣ ቀጠልን።

አሁን ያለው ችግር ብልቃጡ ሊያልቅ መሆኑ ነው። አዲሱ ተቀምሟል፣ የሚያመጣው ሰው ነው የጠፋው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ጓደኞቼ አስቡን። ዕቃው ከምሳ ዕቃ አይበልጥም፣ የሐኪም ደብዳቤ አለው፣ ማቀዝቀዣ ቦርሳውንም እኛ እንችላለን። ሻንጣ ውስጥ ግን እንዳይከቱት፣ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ሊበርደውና በረዶ ሊሆን ይችላል። በእጅ ነው የሚያዘው።