ቤት የጠመቅኩትን ቢራ ከበርሜል ለመቅዳት የተማርኩት

ለልጄ ክርስትና ቢራውን ራሴ ጠመቅኩ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ሙቀቱ ያቃጥላል። በርሜሉን ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከሰዓት መቅዳት ስጀምር ግን ብርጭቆው በአረፋ ተሞላ። ቢራውን ከበርሜሉ የሚገፋውን የጋዝ ግፊት ቀነስኩ። ባሰበት። አንድ የምናከብራቸው ጋሼ ብርጭቆውን ዳሰስ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ እኮ አልቀዘቀዘም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። በርሜሌ 19 ሊትር ይይዛል፤ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ድሮ ለለስላሳ መጠጥ ይሠራ የነበረው ዓይነት። በረዶው የደረሰው እስከ ወገቡ ብቻ ነው። ደግሞም በረዶ ብቻውን በርሜሉን እዚህም እዚያም ነው የሚነካው፤ በመሃል አየር አለ። ውሃ ቢጨመርበት ዙሪያውን ይይዘዋል፤ ቶሎም ያቀዘቅዛል።

ትልቁ ጥፋት ግን ጎማው ላይ ነበር። ከበርሜሉ እስከ መቅጃው ያለው ጎማ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ውሏል። ቢራ ጋዙን አቅፎ የሚቆየው ሲቀዘቅዝ ነው። በሞቀ ጎማ ሲያልፍ ጋዙ ያመልጥና አረፋ ይሆናል። ግፊቱን መቀነሴ ያባባሰውም ለዚህ ነው፤ ጋዙን ቢራው ውስጥ አፍኖ የሚይዘው ግፊቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያገለገለ ዲፕ ፍሪዘር ገዛሁ፤ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተውን። እንዳለ ቢተው ቢራውን በረዶ ያደርገዋል። ስለዚህ የሙቀት መቆጣጠሪያ ገጠምኩለት። 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፤ ሲሞቅ ይመልሳል። የሚለካውን ሽቦ መጀመሪያ አየር ላይ አንጠልጥዬው ነበር፤ ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ሞተሩ ይነሳል። አሁን በርሜሉ ጎን ላይ ለጥፌ በስፖንጅ ሸፍኜዋለሁ። ቀዝቃዛ አየር ታች ስለሚተኛ ትንሽ ማራገቢያም አስገባሁ። ያኔ ነው የመጀመሪያው ብርጭቆ እንደ አምስተኛው ጥርት ብሎ መውረድ የጀመረው።

ጎማውንም ቀየርኩ። የአሁኑ 3 ሜትር ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ገደማ። ጠቅልዬ ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰው አጭር ጎማ የሚሻል ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ረጅምና ቀጭን ሲሆን ግን ግፊቱ በመንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ቢራው ሳይረበሽ ይወጣል። ግፊቱን 12 ፒኤስአይ ላይ አድርጌ አልነካውም። በዚያ ቅዝቃዜ አንድ ሳምንት ከምናምን ሲቆይ ቢራው ጋዙን ይጠግባል። ሲቀዳ መቅጃውን በአንዴ እስከ መጨረሻው መክፈት ነው፤ በግማሽ ከተከፈተ አረፋ ይረጫል።

አንዴ የጋዝ ሲሊንደሬ በሦስት ቀን ባዶ ሆነ። አሁን እያንዳንዱን መገጣጠሚያ የሳሙና ውሃ እቀባለሁ፤ ካሾለከ አረፋ ያወጣል።

ጠላም በዚሁ በርሜል ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ የጌሾ ፍርፋሪ መውጫውን ደፈነው። አሁን በቀጭን ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጠላለሁ። ጋዝም ለመግፋት ያህል ብቻ ነው የምሰጠው፤ ጠላ እንደ ቢራ ሲንቸሰቸስ ጠላነቱን ያጣል። በጣም ከቀዘቀዘም የአሻሮው ጣዕም ይጠፋል። ስለዚህ ከመቅዳቴ በፊት ከፍሪዘር አውጥቼ ትንሽ አቆየዋለሁ።

ለእንቁጣጣሽ ጋሼ እንደገና መጡ። የመጀመሪያውን ጃምቦ እኔ ቀዳሁላቸው። ሁለተኛውን ራሳቸው ተነስተው ቀዱ።