የዓሣ ሽታ በሁዳዴ

ስልኩ የተደወለው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው።

«ልጄ፣ ቤቴ ዓሣ ዓሣ ይላል» አሉኝ እትዬ። «ሁዳዴ ከገባ እንኳን ዓሣ እንቁላል ደጄን አልረገጠም። ፍሪጁን ሁለቴ አጠብኩት። ዕጣን አጨስኩ። ፀሐይ ስትወጣማ ይብስበታል።»

«ፀሐይ ስትወጣ» ሲሉ ክው አልኩ። ሽታው ከየት እንደመጣ ገባኝ። ከየትኛው ጥግ እንደሆነ ሳይቀር። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ቤት ደጅ፣ መኪናችን ውስጥ ቆሜ፣ ሁለት የግፊት መለኪያ ጌጆች ሲለያዩ እያየሁ ዝም ብያለሁ።

እትዬ የምላቸው ዘመዴ ሆነው አይደለም። ልጃቸው ናት በሰው በሰው ያገኘችን። ቤታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ በፈረንጆች 1950ዎቹ የተሠራ ትንሽ የጡብ ቤት። ላይኛው መኝታ ቤት በበጋ ምድጃ፣ በክረምት ፍሪጅ ነው። ልጆቻቸው አዋጡና አቲኩን ሙቀትና ብርድ በሚከለክል፣ እየተረጨ በሚነፋ ስፕሬይ ፎም ሊያሠሩላቸው ወሰኑ። አቲክ የምንለው ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው በታች ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

ብዙ ሰው ፎም ሲባል እንደ ፍራሽ ተሠርቶ አልቆ የሚመጣ ዕቃ ይመስለዋል። እኛ ይዘን የምንመጣው ሁለት በርሜል ፈሳሽ ነው። አንዱን «ኤ»፣ ሌላውን «ቢ» እንላቸዋለን። ኤው አይሶሳያኔት ነው። ቢው ፖሊዮል ከነቅመሙ፤ ማፋጠኛውም፣ እሳት መከላከያውም፣ የሚያስነፋውም እሱ ውስጥ ነው። ማሽኑ ለየብቻ ያሞቃቸውና ከ1,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ በሆነ ግፊት በረጅም ጎማ ይገፋቸዋል። የሚገናኙት መርጫው ውስጥ ነው፣ እኩል በእኩል። ወዲያው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። እንግዲህ ፋብሪካው የባለቤቱ አቲክ ነው ማለት ነው። የፋብሪካው ሠራተኛ ደግሞ እኔ። ሌሊት ስልክ ሲነካካ ያደረው እኔ።

ዓይነቱ ሁለት ነው። ክሎዝድ ሴል የሚባለው ድፍንና ጠንካራ ነው፤ በአንድ ኢንች ከ6 እስከ 7 አር (ሙቀት የመከላከል አቅም መለኪያ ነው) ይሰጣል፣ እንፋሎት እምብዛም አያሳልፍም፣ ዋጋውም ይከብዳል። ኦፕን ሴል ለስላሳ ነው፣ እንደ ስፖንጅ፤ በኢንች 3.5 ገደማ ነው። ለእትዬ የረጨነው ኦፕን ሴሉን ነበር። ኋላ ላይ ለዚህ አመሰገንኩ፤ ሲበላሽ በመጋዝ ይቆረጣልና። ድፍኑን ከእንጨት ላይ መላጥ ለጠላትም አይስጥ።

ሥራው የዋለው በቅበላ ሰሞን ነው። እትዬ ጠዋት በልጃቸው መኪና ሄዱ። መርጫውን የያዙት ጋሼ ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሩኝ፣ ለሥልጠናዬ ከኪሳቸው የከፈሉ ሰው። ነጭ ቱታቸውን ለብሰው፣ አየር በጎማ ከውጭ የሚመጣለትን ጭንብል አጥልቀው አቲክ ወጡ። እኔ ማሽኑ ጋ፣ መኪናው ውስጥ ቀረሁ።

አምስት ሰዓት ገደማ የቡና ቁሌት ሸተተኝ።

መጀመሪያ ከጎረቤት ነው ብዬ ነበር። በኋላ ነገሩ ገባኝና ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁ። እትዬ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ቡና ይቆላሉ። ጎን ለጎን የዶሮ ወጥ ድስት ተጥዷል። ከራሳቸው በላይ፣ ከአንዲት የኮርኒስ በር ጀርባ፣ ጋሼ እየረጩ ነው።

«እትዬ! ምን ይሠራሉ እዚህ?»

«ምን እሠራለሁ? ቅበላ ነው። ሰው ቤቴ ሲደክም ውሎ እህል ሳይቀምስ ይውጣ? ልጄ ሥራ ሄዳለች፣ በኡበር መጣሁ።»

ምድጃውን አጥፍቼ ክንዳቸውን ያዝኩ። በሌላ እጄ መቁያውን። «ኧረ ቡናው ያራል!» እያሉ ወጡ።

እሳቸው ላይ መፍረድ አልችልም። ሲረጭ የሚበነው ጉም አይሶሳያኔት አለበት። አስም ያመጣል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣ ደግሞ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል፤ አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ ዛሬ መኪናችን አጠገብ ሲቆም ደረቱ ይታፈናል። ክፋቱ ሽታው አያስጠነቅቅም፤ ባይሸትም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አብዛኞቹ አምራቾች ባለቤቱ ቤቱ እየተናፈሰ 24 ሰዓት ያህል እንዳይገባ ይላሉ። ይሄ ውሉ ላይ ተጽፏል። በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ልጅቷ በስልክ የፈረመችበት ገጽ ላይ። እኔና ጋሼ አማርኛ እየቻልን ለእትዬ ያልናቸው «ትንሽ ወጣ ይበሉ» ብቻ ነው። «ትንሽ» ስንት ሰዓት ነው? እሳቸው ሁለት ሰዓት መሰላቸው።

ዶሮውን መኪናው ጭራ ላይ ተቀምጠን በላነው። እትዬን ወደ ልጃቸው ቤት መለስናቸው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከቅበላ ዶሮ በኋላ ያለ ሥራ ይከብዳል።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጌጆቹ መለያየት ጀመሩ። ኤው ከፍ፣ ቢው ዝቅ። ሬድዮውን አነሳሁ።

«ጋሼ፣ ኤው በሁለት መቶ በልጧል። ማጣሪያው ሳይዘጋ አልቀረም።»

«አንድ ጥግ ነው የቀረኝ። እሷን ልጨርስና አጥበዋለሁ።»

«እሺ ጋሼ።»

መርጫው ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። ኤው እርጥበት ሲያገኝ ይረጋና ቅንጣት ይሠራል፤ ወንፊቷን ይዘጋል። ያኔ ጌጁ ላይ ከፍ ይበል እንጂ ወደ ድብልቁ የሚገባው ኤ ይቀንሳል፣ ቢው ይበዛል። ፎሙ ይነፋል፤ ለዓይን ያው ነው። ግን ሳይዋሃድ የቀረ ነገር ውስጡ ይኖራል። ቢው ውስጥ ካለው ማፋጠኛ አሚን የሚባለው ነው ዓሣ ዓሣ የሚሸተው። ወንፊቷን አውጥቶ ማጠብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ማሽኑ በራሱ የሚቆመው ልዩነቱ ሲሰፋ ነው። የኛ 500 ላይ ነበር የተሞላው። ከዚያ በታች ያለውን የሚፈርደው አጠገቡ የቆመ ሰው ነው። ሁለተኛ ማለት ነበረብኝ። ግን ያስተማረህን ሰው «ያቁሙ» ማለት እንደ ስድብ ሆኖ ታየኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ከላይ ያለው የማያየውን ጌጅ እንዳይ ነው እኮ እዚያ የቆምኩት።

እሑድ ስልኩን እንደዘጋሁ ለጋሼ ደወልኩ። ዝም አሉ፣ ረጅም ዝምታ። ከዚያ «ያቺ ጥግ ናት» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ሰኞ አብረን ሄድን። ዳቦ መቁረጫ የመሰለ ረጅም ቢላ ይዤ ወጣሁና ከሁለት ቦታ ቆረጥኩ። ከመሃል የተቆረጠው ክሬም መልክ አለው፣ ቀዳዳዎቹ እኩል ናቸው፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል። ከጥጉ የመጣው ቢጫ ቢጫ ይላል። ጓንቴ ላይ ይጣበቃል። የተጫንኩበት የጣቴ ምልክት እንደሰረጎደ ቀረ። እትዬ መሰላሉ ሥር ቆመው ሁለቱን ቁራሽ አዩና «ይሄማ አልበሰለም። ሊጥ ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ የምርመራ ውጤት ሰምቼ አላውቅም።

«መስኮት ከፍታችሁ ቆዩ፣ ይጠፋል» የሚል አለ። በትክክል የተዋሃደ ፎም ሽታው በቀናት ውስጥ ይጠፋል፣ እውነት ነው። ጣሪያው በሞቀ ቁጥር ከሳምንታት በኋላ የሚነሳ ሽታ ግን ተቆርጦ ይታያል። ላዩ ላይ ቀለም መቀባት ያልበሰለ ዳቦ ላይ ቅቤ እንደመቀባት ነው።

እዚያው ሳለን ሌላ ጉድ አየሁ። የእትዬ ማጨሻ ሳሎን ውስጥ እየጨሰ ነበር። ጭሱ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወደ ቤዝመንቱ ደረጃ ይሳባል። ታች የልብስ ማድረቂያው እየሠራ ነው። ከማድረቂያው ጎን ደግሞ በጋዝ የሚሠራ አሮጌ የውኃ ማሞቂያ አለ፤ ጭሱን በራሱ ሙቀት ወደ ጭስ ማውጫው የሚልክ ዓይነት። ማጨሻውን አንስቼ ማሞቂያው አናት ላይ፣ ቱቦው የሚጀምርበት ጋ ያዝኩት። ወደ ላይ መሳብ ነበረበት። ዕጣኑ ፊቴ ላይ ተመለሰብኝ።

ፎሙ በደንብ በያዘበት ሁሉ አየር ዘግቷል። ሥራውም እሱ ነው። ቤቱ ድሮ በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር። አሁን ማድረቂያውና የመታጠቢያ ቤቱ ፋን አየር ወደ ውጭ ሲገፉ ምትኩን የሚያገኙት ከዚያው ከጭስ ማውጫው ነው። አየሩ ሲመለስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ ይመጣል። እናቶቻችን ከሰሉ ደጅ ሳይቀጣጠል ቤት አይግባ የሚሉለት ያው መርዝ ነው። ማሞቂያውን እዚያው አጠፋነው። እትዬ ሁለት ቀን ያለ ሙቅ ውኃ ቆዩ። ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ አየሩን ከውጭ ስቦ ወደ ውጭ በሚመልስ ቀየረው። ወጪው የልጆቹ ሆነ፤ ተቆጡም። «ይሄ እንደሚመጣ ቀድማችሁ አታውቁም?» አለችን ልጅቷ። እናውቅ ነበር። አልጠየቀችንም፣ እኛም አልነገርናትም።

አሁን ዋጋ ለመገመት ቤት የምዞረው እኔ ነኝ። ሰው የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስንት ያስከፍላል፣ የታክስ ቅናሽ አለው ወይ። የፌዴራሉ ቅናሽ እስከ ፈረንጆች 2025 መጨረሻ ለተሠራ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ለአዲስ ሥራ በእሱ የሚያባብል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላውንም ንግግሩን ጠርጥሩ። እኔ ገብቼ መጀመሪያ የማየው ቤዝመንቱን ነው። ባለቤቱ ግራ ይገባዋል፤ «አቲኩ እኮ ላይ ነው» ይለኛል። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ቱቦ የት እንደሚያልቅ አያለሁ፤ አቲክ ውስጥ ተጥሎ ካገኘሁት ውጭ ሳይወጣ አልነካውም። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያው። እንግሊዝ አገር ከጣሪያው ሥር ፎም ባለበት ቤት ላይ ማበደር የማይፈልጉ ባንኮች አሉ፤ ከፎሙ ኋላ እንጨቱ ቢበሰብስ አይታይም ብለው። እኔ ሥራውን የምወድ ሰው ነኝ፣ ግን ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሰው የሚኖርበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ፎሙ ተራቁቶ አይቀርም፤ ይቃጠላልና በግማሽ ኢንች ድራይዎል፣ በጂፕሰም ሰሌዳ፣ ይሸፈናል።

አንድ ጥያቄ ግን የሚጠይቀኝ ሰው ብጠብቅ አላገኘሁም። ማነው የሚረጨው? ማሽኑ ጋ የሚቆመውስ ማነው? ኩባንያውን ያጣራሉ፣ የበርሜሉን ስም ያጣራሉ። የእትዬ ፎም በርሜሉ ምንም አልነበረበትም።

ጥጉን ቆርጠን፣ እንጨቱን ፍቀን፣ በከረጢት ጠቅጥቀን ለማውጣት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። በማግሥቱ እንደገና ልንረጭ መጣን። በዚህኛው ዙር ተቀምጠን በአማርኛ አስረዳናቸው፤ ዛሬም ነገ እስከዚህ ሰዓትም አይገቡም፣ ለምን እንደሆነም ይኸው። እሺ አሉ። ረፋዱ ላይ ግን መኪናው ጋ መጡ፤ ፔርሙዝና በፎይል የተጠቀለለ የጾም ፍርፍር ይዘው።

«ቤት አልገባሁም» አሉ ቀድመው። ቡናውን ቀዱልኝና ማሽኑን አዩት። «እነዚህ ናቸው ዝም ያልክባቸው?»

ነግሬያቸው ነበር። «አዎ እትዬ።»

«አሁንስ እኩል ናቸው?»

ሲኒውን እንደያዝኩ ዞርኩ። እኩል ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ ኤው ብድግ ማለት ጀመረ፤ ሃምሳ፣ ከዚያ ሰማንያ። ሬድዮውን አነሳሁ።

«ጋሼ፣ ያቁሙ።»

ላይ ድምፁ ቆመ። «አቁሜአለሁ» አሉ። «ወንፊቷን ላውጣት።»

እትዬ ፔርሙዙን ከፈቱት። «በል እስኪያጥቡ ቶናውን ልቅዳልህ።»