በሞላ የሚሠራ ካሜራ፣ ከዜኒት የተፈታ ሌንስ

የደመራው ፊልም ታጥቦ፣ ስካን ተደርጎ ተመልሷል። አብዛኛው ወጥቷል። እስካሁን ከሠራሁት የተሻለው ይኸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «እንዴት አደረግሽው? ስንት ፈጀ? የቱን ሌንስ ነው የገጠምሽው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ መልሱን አንድ ላይ ልጻፈው።

አዲስ ለመጣችሁ ባጭሩ፦ የምሠራበት ካሜራ ክራስኖጎርስክ 3 ይባላል፤ ሁላችንም ኬ-3 ነው የምንለው። ሞስኮ አጠገብ፣ ክራስኖጎርስክ ከተማ ባለው ፋብሪካ የተሠራ የሶቭየት ካሜራ ነው። የሚጎርሰው 16 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ለመሽከርከር ባትሪ አያስፈልገውም። እንደ ድሮ የእጅ ሰዓት ሞላውን ትሞላላችሁ፣ ትለቃላችሁ፣ ይሄዳል። ውስጡ ያለው የብርሃን መለኪያ ባትሪ ይፈልግ ነበር፤ ግን ያ የሜርኩሪ ባትሪ ዛሬ ገበያ ላይ የለም። የአሁኑን ብታስገቡበት ቮልቱ ስለሚለይ መለኪያው ይዋሻል። እርሱት። ስልካችሁ ላይ ነፃ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫኑና ሥራችሁን ቀጥሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ የካሜራውን ዋጋ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ግን ካሜራው አይደለም፣ ፊልሙ ነው። አንድ ጥቅል 30 ሜትር ገደማ ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ስትቀርጹ፣ 2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ላይ ያልቃል። አለቀ በቃ! ጥሬውን ፊልም፣ ማጠቢያውንና ስካኑን ስትደምሩት እዚህ አሜሪካ ለአንድ ጥቅል ከ100 ዶላር በላይ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴኮንድ ከ60 ሳንቲም በላይ እየበላች ነው የምትሄደው። ይቺን ሒሳብ ያወቀ ሰው ጣቱ ቁልፉ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

እኔ ታዲያ ያደረግኩት ይኼን ነው። ለካሜራና ለሌንስ የማወጣውን እስከምችለው ጨቆንኩት፤ የተረፈውን በሙሉ ለፊልም አዋልኩት። ውድ ሌንስ ገዝቶ ፊልም የሚያጣ ሰው አይቻለሁ። ሌንሱ መደርደሪያ ላይ ያምራል።

ሌንሱ ከየት መጣ? ከአጎቴ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቭየት ኅብረት ከሄዱት አንዱ ናቸው፤ ኪየቭ ነው የተማሩት። ያኔ ከዚያ የተመለሰ ተማሪ ሻንጣው ውስጥ ዜኒት የሚባለው የፎቶ ካሜራ ቢገኝ ብርቅ አልነበረም። የእሳቸውም ዜኒት አዲስ አበባ ደርሶ፣ የስንቱን ሰርግና ክርስትና አንስቶ፣ በመጨረሻ ሜሪላንድ ገባ። ዜኒትንም ኬ-3ንም የሠራው ያው አንድ ፋብሪካ ነው። እኔም ይቺን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የዜኒቱን ሌንስ ብወስደው ቅር ይልዎታል?»

«ውሰጂው። ካሜራውን ግን እንዳትነኪብኝ።»

«ሌንስ ከሌለው ካሜራው ምን ይሠራል?»

«ይቀመጣላ!»

ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው። 58 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚሰፋው) እስከ 2 የሚከፈት። አገጣጠሙ በብሎን ጥርስ ነው፤ ኤም42 የሚባለው፣ ስፋቱ 42 ሚሊሜትር የሆነው። ኋላ የተሠሩት ኬ-3ዎችም ያንኑ ጥርስ ስላላቸው ያለምንም አዳፕተር ተሽከርክሮ ይገባል። ልብ በሉ፣ ሁሉም ኬ-3 ግን እንዲህ አይደለም። ቀደም ያሉት የራሳቸው የተለየ ባዮኔት (ጠምዘዝ ተደርጎ የሚቆለፍ መግጠሚያ) አላቸው። ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ «ሌንሱን ፈተህ አፉን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» በሉት ሻጩን። የማይልክ ከሆነ እለፉት።

ሄሊዮስም ብዙ ዓይነት አለው። 44-2 አፐርቸሩ በእጅ ነው፤ ሁለት ቀለበት አለው፣ አንዱ ገደቡን ይወስናል፣ ሌላው ይከፍታል ይዘጋል። ለሲኒማ ይኼ እንዲያውም ይመቻል፤ ሳይንቋቋ ለስለስ ብሎ ይዞራል። ከ44ኤም-4 ጀምሮ ያሉት ግን ጉድ አላቸው። ከኋላቸው ትንሽ ፒን አለች፤ ፎቶ ካሜራው እሷን ካልገፋ አፐርቸሩ አይዘጋም። ኬ-3 ደግሞ አይገፋትም። እንግዲህ ሁልጊዜ ቧ ብሎ በተከፈተ ሌንስ ልትቀርጹ ነው። ስለዚህ 44-2 ወይም የ«ኤ» (በራሱ) እና «ኤም» (በእጅ) መቀየሪያ ያለውን 44ኤም ፈልጉ።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፤ የሄሊዮስ አድናቂዎች እንዳትቀየሙኝ። ይህ ሌንስ የሚታወቀው ከጀርባ ያለውን ቅጠልና መብራት እያሽከረከረ በማደብዘዙ ነው። ዋጋውም የተሰቀለው በዚያ ነው። ነገር ግን ያ መሽከርከር የሚታየው የምስሉ ጠርዝ ላይ ነው። የ16 ሚሊሜትር ፊልም ፍሬም ስፋቱ 10 ሚሊሜትር ከምናምን ብቻ ነው፤ የሚጠቀመው የሌንሱን መሀል ነው። ስለዚህ ሽክርክሪቷ ተቆርጣ ውጭ ትቀራለች። ለእሷ ብላችሁ ተጨማሪ ብር እንዳታወጡ። የምታተርፉት ሌላ ነገር ነው፦ መሀሉ ከጠርዙ ይልቅ ጥርት ያለ ነውና ርካሹ ሌንስ ከዋጋው በላይ ይሠራላችኋል።

ከዚሁ ፍሬም ማነስ ጋር የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። 58ቱ ፎቶ ካሜራ ላይ ደህና የሰው ፊት ማንሻ ሌንስ ነው። ኬ-3 ላይ ሲገባ እይታው በፎቶ ካሜራ የ200 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ይጠባል። ለፊት፣ ለእጅ፣ ለሩቅ ነገር ግሩም ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፋችሁም የሰው አፍንጫ ብቻ ነው የምታዩት። ረጅም ሌንስ በየቦታው በርካሽ ይገኛል፤ ሰፊ የሚያይ ነው የሚቸግረው። ካሜራው ይዞት የሚመጣው ሜቴኦር ዙም ከ17 እስከ 69 ሚሊሜትር ነው። 17ቱ ላይ እንኳን እይታው የተለመደው ዓይነት ነው እንጂ ሰፊ አይደለም። እውነተኛ ሰፊ ከፈለጋችሁ ፔሌንግ የሚባለውን የ8 ሚሊሜትር የዓሣ ዓይን ሌንስ ፈልጉ። ኬ-3 ላይ ጠርዙ ስለሚቆረጥ ያን ያህል አያጎብጥም። እኔ ገና አልገዛሁትም፤ ለጊዜው ሰፊውን በሜቴኦር፣ ቅርቡን በሄሊዮስ እየቀረጽኩ ነው። በበኩሌ ለጀማሪ ሜቴኦር ብቻውን ይበቃል ባይ ነኝ።

ቦሌክስ የሚባለው ሌላው የ16 ሚሊሜትር ካሜራ ያላችሁ ሰዎች ጉዳያችሁ ትንሽ ይለያል። የብዙዎቻችሁ የሌንስ መግጠሚያ ሲ-ማውንት የሚባለው ነው፤ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 17.5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። የኤም42 ሌንስ 45.5 ይፈልጋል። ስለዚህ መሀሉን የሚሞላ ቱቦ መሳይ አዳፕተር ገዝታችሁ መግጠም ትችላላችሁ፣ ውድ አይደለም። ተቃራኒው አይሠራም፦ የሲ-ማውንት ሌንስ ኬ-3 ላይ ላግጠም ብትሉ ወደ ፊልሙ መጠጋት ስለማይችል ከሩቅ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ይኼን እየደጋገማችሁ የምትጠይቁኝ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው፣ አይሆንም።

ፊልም ከማባከኔ በፊት ሌንሱን የፈተንኩት በዲጂታል ካሜራ ነው። ለሚረርለስ (ውስጡ መስታወት ለሌለው ዲጂታል) ካሜራ የሚሆን የኤም42 አዳፕተር በምሳ ዋጋ ይገኛል። ገጠምኩት፣ አደባባዩን፣ የጎረቤትን አጥር፣ ሩቅ ያለውን አንቴና አነሣሁበት። ሻጋታ ካለበት፣ የአፐርቸሩ ቅጠሎች ላይ ዘይት ካለ፣ የፎከሱ ቀለበት አልዞር ካለ እዚያው ይታወቃል፤ በነፃ። ቀጥሎ ኬ-3 ላይ። መጀመሪያ ባዶ ካሜራ ላይ በዓይን መመልከቻው በኩል እያያችሁ ውስጡ ያለው መስታወት ሸካራነት ጥርት ብሎ እስኪታያችሁ ድረስ የዓይኑን ቀለበት አስተካክሉ። ያ ሳይስተካከል ፎከስ ብሎ ነገር የለም። ከዚያ አፐርቸሩን 2 ላይ ከፍታችሁ ሩቁን አንቴና ጥርት አድርጉት። ቀለበቱ ላይ ያለው ምልክት ማለቂያ ከሌለው ርቀት ጋር ከገጠመ ደህና ናችሁ።

ፊልም አጎራረሱ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው ጥቅሉን የሚያበላሸው እዚህ ነው። ኬ-3 ፊልሙን ራሱ አጥፎ የሚያስገባበት መሪ ብረቶች አሉት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን እነሱ ፊልሙን እየጫሩ ከላይ እስከ ታች መስመር ያሰምሩበታል። የሚበዛው ሰው አውጥቶ ይጥላቸዋል፤ እኔም ካሜራውን የገዛሁት ወጥተውለት ነው። ከዚያ በእጅ ነው የምታስገቡት። ፊልሙ ብርሃን ከሚያገኝበት መስኮት በላይና በታች ፊልሙ ልቅ ብሎ እንዲቀለበስ ትተዉለታላችሁ። ቀለበሱ ካነሰ ፊልሙ ይወጠርና ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከበዛ የክዳኑን ግድግዳ ይልሳል። ጊዜው ያለፈበት አንድ ጥቅል ለልምምድ ብቻ ለይቼ፣ ቴሌቪዥን እያየሁ አገባለሁ አወጣለሁ። አሁን ጣቴ ለምዶታል። ጆሮም ይለምዳል። በትክክል ከገባ ድምፁ አንድ ወጥ ነው፤ ካልገባ መሀል መሀል ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል። ያኔ ወዲያው አቁሙ። መስኮቱን ደግሞ ከእያንዳንዱ ጥቅል በፊት በእንጨት ስንጥር አጽዱ፤ ብረት በፍጹም አይነካውም።

እና ደመራው። የቀረጽኩት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። የገዛሁት ፊልም የኮዳክ 500ቲ፣ ቁጥሩ 7219። ለመብራትና ለእሳት የተሠራ ነው፤ ሲመሽ ሌላ ፊልም አያዋጣም። ችግሩ ደመራ ከመለኮሱ በፊት ገና ፀሐይ አለ። ኬ-3 በ24 ፍሬም ሲሄድ መዝጊያው ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚከፈተው ለ1/60 ሴኮንድ ያህል ነው፣ ልትቀይሩት አትችሉም። በዚህ ፊልም በፀሐይ ላይ ሄሊዮስን እስከ መጨረሻው 16 ብትዘጉትም ብርሃኑ ይበዛል። ስለዚህ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያና ቀለሙን የሚያስተካክለው ብርቱካንማው 85 ማጣሪያ ያስፈልጋል። የሄሊዮስ 44-2 አፍ 49 ሚሊሜትር ነው፤ ያገለገለ ማጣሪያ በዚያ መጠን ሞልቷል።

ከሁሉም የተጨነቅኩት በነጠላው ነው። ሁሉም ሰው ነጭ ለብሷል። የብርሃን መለኪያ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና «ዝጊው» ይላል። እሱን ብትሰሙት ነጠላው ግራጫ፣ የሰዉ ፊት ደግሞ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። እኔ መለኪያውን ፊት ላይ ብቻ ነው ያነጣጠርኩት። ሰው ፊት ድረስ መሄድ በማይቻልበት ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ያለውን የራሴን እጅ ለካሁ። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲያንሰው እንጂ ሲበዛለት አይቀየምም። ስካኑ ላይ የእናቶች ፊት ቁልጭ ብሏል፤ ነጠላውም አልተቃጠለም፣ የጥበቡ መስመር እንኳን ይለያል። እሳቱ ሲነሣም እንደዚያው፦ ነበልባሉን አትለኩ፣ እሳቱ ያበራውን ፊት ለኩ። ያኔ አፐርቸሩ ወደ 2 ተከፍቶ ነበር።

የምወደው ሾት የከበሮ መቺው እጅ ነው። በሄሊዮስ፣ ከሰው ትከሻ መሀል። መዳፉ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ጠፍሩ ይርገበገባል፤ ከኋላው እሳቱ ብርቱካን ነጥብ ሆኖ ተበትኗል። ሞላው አንዴ ሲሞላ የሚያስኬደው 25 ሴኮንድ ገደማ ነው። ወደ መጨረሻው ፍጥነቱ ስለሚወርድ፣ ከእያንዳንዱ ሾት በኋላ አጭርም ቢሆን እንደገና መሙላት ነው። እንደ መቁጠሪያ እጄ ላይ ልማድ ሆኗል። ስለ ድምፅ አትጠይቁኝ፤ ካሜራው ራሱ እንደ ስፌት መኪና ነው የሚጮኸው። ከበሮውንና ጽናጽሉን ራቅ ብላ በቆመች ጓደኛዬ ስልክ ለብቻው ቀዳነው። የሞላ ፍጥነት ልክ ስለማይቆም ምቱ ከእጁ ጋር አይገጥምም፤ ከሥር እንደ ድባብ ሲገባ ግን ይሠራል።

ቀጥሎ የማስበው ጥምቀትን በጥቁርና ነጭ መቅረጽ ነው። ደብል-ኤክስ የሚባለው የኮዳክ 7222 ፊልም። ቀለም ስለሌለው ቤት ማጠብ ይቻላል፣ የላብራቶሪው ሒሳብ ይቀራል። የጥር ብርድ ግን ያሳስበኛል፤ የሶቭየት ግራሶ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ካሜራው ይንቀራፈፋል። ፊልም ሳላጎርስ ውጭ አሳድሬ ልሞክረው ነው። ካፖርት ሥር አቅፌ መያዝ ካለብኝም እይዛለሁ።

ለማጠቢያ የሎሞ ታንክ እየፈለግኩ ነው፤ ፊልሙን ጠመዝማዛ ውስጥ ጠቅልሎ የሚያጥበውን። የ15 ሜትሩም ይሁን የ30ው ግድ የለኝም፤ 15 ከሆነ ጥቅሉን ጨለማ ውስጥ ለሁለት እቆርጠዋለሁ። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ታንክ ኖሮት ለጥቂት ቀን የሚያውሰኝ ካለ ንገሩኝ። በለውጡ ሄሊዮሱን አውሳለሁ። ጋሼን ግን ቀድሜ ማስፈቀድ አለብኝ።